የቆመ ዛፍና የነዋሪው ደኅንነት፦ ለሸዋሮቢትና ለቆላ ይፋት ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይሸጋገራል። ዋሻው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሸዋሮቢት ግን 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ጋቢ የሚያስደርበው ብርድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ጥላ ወደሚያስፈልግ ሙቀት ይለወጣል። መንገደኛው በመኪና የሚወርደውን ይህንኑ ቁልቁለት በክረምት ውሃም ይወርደዋል። ውሃው በዝግታ ወይም በኃይል መውረዱን በአብዛኛው የሚወስነው በተዳፋቱ ላይ ያለው የዕፅዋት ሽፋን ነው።

ይህ ማብራሪያ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም እና በአጎራባች ቆላማ ቀበሌዎች የሚኖሩ ዜጎች ወደ አገልግሎት መስጫ ጽሕፈት ቤቶች ይዘዋቸው ለሚመጡ ጥያቄዎች ምላሽ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በግቢ ውስጥ ያለን ዛፍ ለመቁረጥ ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል? የተከለለው ተራራ ለግጦሽ የማይከፈተው ለምንድን ነው? በወንዝ ዳር የቆመው ግራር ከከተማው ነዋሪ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። በቆላ ይፋት የቆመ ዛፍ ከማገዶነቱና ከጣውላነቱ በፊት ለነዋሪው ጤናና ሕይወት መከላከያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተቆረጠም በዚያው ዓመት በሚተከል ችግኝ አይተካም።

ደመና ሳይታይ የሚደርስ ጎርፍ

ሮቢን የመሳሰሉ ወንዞች በበጋ ሽንኩርትና ሌሎች አትክልቶችን በመስኖ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች መተማመኛ ናቸው። ክረምት ሲገባ ግን እነዚሁ ወንዞች ጠባያቸውን ይለውጣሉ። በገደሉ አናት ላይ የጣለ ከባድ ዝናብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሜዳው ላይ ይደርሳል። በከተማው ሰማይ ላይ አንድም ደመና ሳይኖር ወንዝ ሊሞላ የሚችለው ለዚህ ነው፤ ደራሽ ጎርፍ መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዛፍና ቁጥቋጦ በዚህ ሂደት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ በዓይን የማይታይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቅጠልና ቅርንጫፍ የዝናቡን ጠብታ ኃይል ይቀንሳሉ። መሬት ላይ የወደቀው ቅጠላ ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ያደርጋል። ሥሮችና በሥሮቹ ዙሪያ የሚኖሩ ነፍሳት ደግሞ ውሃው ወደ ታች የሚሰርግበትን መንገድ ይከፍታሉ። ተዳፋቱ ሲራቆትና በከብት ኮቴ ሲደድር ውሃው የሚሰርግበት ስለሚያጣ፣ ቀናት ሊፈጅበት ይገባ የነበረውን ጉዞ በአንድ ጊዜ ይፈጽመዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ብቻውን አይደለም፤ አፈር፣ ጠጠርና ቋጥኝ ይዞ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን ሁሉ በወንዙ አልጋ ላይ ያራግፋል። አልጋው ከዓመት ዓመት እየተሞላ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ ዳር ዳሩን እየበላ አዲስ መሄጃ ይፈልጋል፤ ትናንት ከወንዝ ርቆ የነበረ ማሳ ወይም ቤት ዛሬ አፋፍ ላይ ይገኛል።

ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሀገሪቱ በድሬዳዋ አይታዋለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ወንዝ ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ነዋሪዎችን በተኙበት ደረሰባቸው፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ደቻቱ በበጋ ሰው በእግሩ የሚሻገረው፣ ገበያም የሚቆምበት ደረቅ አሸዋ ነበር። ድሬዳዋና ሸዋሮቢት በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ከተራቆተ ተራራ ግርጌ በወንዝ ዳር የተመሠረቱ ቆላማ ከተሞች ናቸው።

በወንዝ ዳር ያሉ ግራሮች፣ ሾላዎችና ቁጥቋጦዎች አፋፉን በሥራቸው ሰፍተው የሚይዙ በመሆናቸው ከሌሎቹ ሁሉ ተለይተው ሊጠበቁ ይገባል። ከእነዚህ አጠገብ አሸዋ ማውጣትም ሥሩን አጋልጦ ዛፉን ስለሚጥል ከመቁረጥ የሚለይበት ነገር የለውም። በሌላ በኩል ተቆርጦ በወንዙ ዳር የተተወ ግንድ ራሱ አደጋ ነው። ጎርፉ አንሥቶ ድልድይ ሥር ይወትፈዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ መንደር ይዞራል። ዛፍ መትከል የሚገባውም በወንዙ መሄጃ ውስጥ ሳይሆን በአፋፉ ላይ ነው።

ጎርፍ ከደረሰ በኋላም አደጋው አያበቃም። የጎርፍ ውሃ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት ያገኘውን ሁሉ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ስለሚያስገባ፣ የመጠጥ ውሃ ካልተፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ካልታከመ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሊከሰት ይችላል። ውሃው ሸሽቶ በየጎድጓዳው የሚቀረው ኩሬም ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ወባ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ በዛፍ ጥላ የሚተማመን ሰው አጎበሩን መተው እንደሌለበት ግን በግልጽ መነገር አለበት። ዛፍ ጎርፍን ያለዝባል እንጂ አጎበርን፣ ኬሚካል ርጭትንና ፈጣን ሕክምናን አይተካም።

ዝናብ በደጋው ላይ መጣሉ ሲታወቅ ወይም ከወንዙ የተለየ ድምፅ ሲሰማ ከብትም ሰውም ወዲያውኑ ከወንዝ አልጋ መውጣት ይኖርበታል። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሊጥል፣ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ደግሞ አብዛኛውን የቤት መኪና አንሥቶ ሊወስድ እንደሚችል አሽከርካሪዎች ሊገነዘቡ ይገባል።

ሙቀትና ጥላ

ስለ ዛፍ ሲነገር ጎርፍና የአፈር መሸርሸር ቶሎ ይታወሳሉ፤ ሙቀት ግን ብዙም አይነሣም። ይህ ትክክል አይደለም። በቆላ ይፋት ሰውን ዓመት ከዓመት የሚፈትነው ሙቀቱ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፣ አስፋልትና ባዶ ግቢ ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ማታ ይመልሱታል። ዛፍ በሁለት መንገድ ያቀዘቅዛል፦ ፀሐይን ይጋርዳል፣ ከሥሩ የሳበውን ውሃም በቅጠሉ በማትነን በዙሪያው ያለውን አየር ያበርዳል። በጥላና በፀሐይ ባለ አየር መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ቢሆንም፣ በጥላ ሥር ባለ መሬትና ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ መካከል ያለው ልዩነት በእጅ ዳሰሳ የሚታወቅ ነው።

ይበልጥ የሚጎዱት ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች እንዲሁም ማሾና ማሽላ ሲታጨድ፣ ሽንኩርት ሲነቀል በቀን ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶች ናቸው። በሙቀት የተጎዳ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱን በውሃ ማርጠብና ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በማሳ ዳር የቀረ አንድ ትልቅ ዛፍ ለሠራተኞች የማረፊያ ስፍራ መሆኑን አሠሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል። ለማረስ እንዲመች ተብሎ የመጨረሻው ግራር የተነሣበት ማሳ ላይ የሠራተኛው የዕረፍት ሰዓት እንኳ በፀሐይ ላይ ነው።

በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በመናኸሪያ ግቢ ያሉ ዛፎችም በዚሁ ዓይን ሊታዩ ይገባል። ለአዲስ ሕንፃ ቦታ ሲለካ ነባሮቹን ዛፎች በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ማስፈር አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ጥላ ለማግኘት ግን ዓመታት መጠበቅ ግድ ይላል።

ዛፍ የማይችለው

በ1998 ዓ.ም. መባቻ በጣርማበር አካባቢ፣ ይዛባ ተብሎ በሚታወቀው ስፍራና በዙሪያው ከባድ ዝናብን ተከትሎ በደረሰ የመሬት መንሸራተት ቤቶችና ማሳዎች ወድመዋል፤ ነዋሪዎችም ተፈናቅለዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው አደጋ ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የወጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነጥብ አለ። የዛፍ ሥር አጥብቆ የሚይዘው የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር አፈር ነው። ጥልቀት የሌለውን መንሸራተት በእርግጥ ይገታል፤ ከብዙ ሜትሮች በታች ካለ የደከመ ዓለት የሚነሣውን ግዙፍ መንሸራተት ግን ሊያቆመው አይችልም። የይፋት ገደል የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በመሆኑ ዓለቱ በብዙ ስፍራ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የጎዳው ርዕደ መሬት የዚሁ ማሳያ ነው። ስለዚህ በዛፍ የተሸፈነ ገደል ሥር መሆን ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። በመሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች ካዘነበሉ፣ የምንጭ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ ወይም ባልነበረበት ከፈለቀ፣ የቤት በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ፣ ቤተሰብን ከስፍራው አርቆ ለቀበሌው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ናዳ በደረሰበት ስፍራ ሁለተኛ ናዳ ሊከተል ስለሚችል ለእርዳታ የሚወጣው ሰው የሚቆምበትን ሊያስተውል ይገባል።

ከሰል

ዛፍ አትቁረጡ ማለት ቀላል ነው። በዝናብ እጥረት ማሳው የከዳው አርሶ አደር በመንገድ ዳር ከሚያቆመው ከሰል የልጆቹን ደብተር የሚገዛ ከሆነ፣ ክልከላው ብቻውን ዛፉን አያድነውም። ይህን ሳይቀበሉ ስለ ደን ጥበቃ መናገር ሰሚ አያገኝም።

ሆኖም ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። በተለምዶ በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰል ምድጃ ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ነው፤ የቀረው በጭስ ይሄዳል። የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራር ነው፤ ፍሬው በበጋ ለፍየል መኖ፣ አበባው ለንብ ቀሰም፣ ሥሩ ለአፈሩ ማዳበሪያ የሚሆነው ዛፍ ማለት ነው። የአንድ ሳምንት ገቢ ለማግኘት የብዙ ዓመት መኖ ይሸጣል።

በቤት ውስጥ ያለው ወጪም ሊቀንስ ይችላል። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚያገለግለው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም እንዲሁ ቆጣቢ ነው። ጭሱ ሲቀንስ በቅድሚያ የሚጠቀሙት ምድጃ አጠገብ የሚውሉ እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው፤ የሳንባ ምች በቤት ውስጥ ጭስ የሚባባስ በሽታ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል መተኛት ሽታና ቀለም በሌለው ጋዝ ሕይወት እንደሚያሳጣም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ከመትከል በፊት መከለል

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተገለጸበት ዕለት ወዲህ ችግኝ መትከል የየክረምቱ ልማድ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። በቆላ ግን የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም፤ ዝናቡ ቶሎ ይወጣል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ፍየል ይቀጨዋል። በመሆኑም የሥራው መለኪያ በሐምሌ የተተከለው ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኔ ቆሞ የተገኘው ችግኝ ቁጥር ሊሆን ይገባዋል።

በይፋት ቆላ ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት የሚያስገኘው መንገድ አንድን ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ጠብቆ መተው ነው። መሬቱ ባዶ ቢመስልም በውስጡ ዘርና በሕይወት ያለ ጉቶ አለ። ጥበቃ ካገኘ ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት ይመለሳል፣ ቁጥቋጦው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይከተላል፣ ግራሩም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በትግራይ የአብርሃ ወአፅብሃ ነዋሪዎች እርከን ሠርተውና ልቅ ግጦሽን ከልክለው የተራቆተ መሬታቸውን ከመለሱ በኋላ ምንጮቻቸው ዳግም ፈልቀዋል፤ ለዚህም በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኩዌተር ሽልማት አግኝተዋል። በደቡብ ጎንደርም የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያቸው በድንጋይ ካብ ሲከለል ወጣት ችግኞች በራሳቸው መብቀል ችለዋል። ይፋትም የራሱ ምሳሌ አለው፦ በአንኮበርና በጣርማበር መካከል በገደሉ ላይ የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን። የመናገሻ ሱባ ጥድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዚሁ ደን በተወሰደ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። በቆላውም የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች፣ የመስጊድ ግቢዎችና የቀብር ስፍራዎች በአካባቢው የነበሩትን ዛፎች ጠብቀው ያቆዩ ናቸው፤ የዘር ምንጭ የሚገኘውም ከእነርሱ ነው።

ክለላ የሚከሽፍበት ምክንያት ይታወቃል። ፍየሎቿን ተራራው ላይ ታሰማራ የነበረች እማወራ ምትክ መኖ ሳይታሰብላት ሲከለከል፣ ጥበቃው በሌሊት ይፈርሳል። ስለዚህ ሣሩን በእጅ አጭዶ የመውሰድ መብት፣ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ ቦታና የተጠቃሚዎች ዝርዝር ክለላው ከመጀመሩ በፊት በቀበሌው ነዋሪዎች ስብሰባ ተወስኖ በመተዳደሪያ ደንብ ሊሰፍር ይገባል። በ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ ወቅት በሰሜን ኢትዮጵያ በርካታ የተከለሉ ስፍራዎችና የማኅበረሰብ ደኖች የተጨፈጨፉት ነዋሪው የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ ስላላያቸው ነበር።

አረንጓዴ ሁሉ የሚጠበቅ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በአዋሽ ተፋሰስ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የግጦሽ መሬትን የሚወርር፣ እሾሁ ሰውንና ከብትን የሚጎዳ መጤ ተክል ነው። ዘሩ በእንስሳት እበት ስለሚጓዝ ከአፋር በኩል ወደ ይፋት ቆላ ሊዘልቅ ይችላል። በማሳ ወይም በወንዝ ዳር አንድ እግር እንኳ ሲታይ ከሥሩ መንቀልና ለግብርና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ከመቁረጥ በፊት የት መሄድ ይገባል

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን በግል፣ በማኅበር፣ በማኅበረሰብና በመንግሥት ይዞታነት ይለያል። ፈቃድ ሳይኖር ከመንግሥት ወይም ከማኅበረሰብ ደን ዛፍ መቁረጥ፣ ከሰል ማክሰልና የደን ውጤት ማጓጓዝ በሕግ ያስጠይቃል። በገዛ ይዞታው ላይ ዛፍ ያለማ ሰው የመጠቀም መብት አለው፤ ሆኖም ምርቱን ከአካባቢው ሲያወጣ የይለፍ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩንና መታወቂያውን ይዞ በቅድሚያ ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ቀጥሎም ወደ ወረዳው የአካባቢና ደን ጥበቃ ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ ከመንገላታት ይድናል። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል በ1997 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካ በመሆኑ፣ ተዳፋት መሬት ያላቸው ባለይዞታዎች አሁን የሚሠራበትን ዝርዝር ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

በከተማ ውስጥ በመንገድ ዳርና በሕዝብ ስፍራ ያለ ዛፍ በማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊነት ሥር ነው። የደረቀ፣ ያዘነበለ ወይም ቤት ላይ ሊወድቅ የሚችል ዛፍ ሲያጋጥም ሙሉ በሙሉ እንዲቆረጥ ከመጠየቅ በፊት ቅርንጫፉን በመከርከም አደጋው ይወገድ እንደሆነ ባለሙያ እንዲያየው ማመልከት ይሻላል። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተነካካ ቅርንጫፍን ግን ማንም ነዋሪ በራሱ መንካት የለበትም፤ ሥራው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያዎች ብቻ ነው። ማመልከቻ ሲቀርብ ቀኑንና የተረካቢውን ስም የያዘ ቅጂ ማስቀረት፣ ምላሽ ሲዘገይም ለጽሕፈት ቤቱ የቅሬታ ሰሚ አካል ማቅረብ የተገልጋዩ መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ስለሚያረጋግጥ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ያየ ጎረቤት የሚያቀርበው አቤቱታም እንደ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ሊመዘገብለት ይገባል።

ችግኝ የሚፈልጉ ነዋሪዎች ጥያቄያቸውን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ክረምት ከመግባቱ ቀደም ብለው ቢያቀርቡ፣ ጉድጓዱንም በበጋ ቆፍረው ቢያቆዩ ይመከራል። ለቆላው ግቢ ኒም፣ ሽፈራውና ዋንዛ፣ ለማሳ ዳር ግራርና ቁርቁራ ተስማሚ ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ግን ከምንጭና ከእርሻ መሬት ርቆ መተከል ይኖርበታል። የመጀመሪያው አስተማማኝ ዝናብ ከጣለ በኋላ የተተከለ ችግኝ ከዝናቡ መውጫ በፊት ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል፤ ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ለሚመጣ ጠያቂ ባለሙያው እስከሚቀጥለው ዓመት እንዲታገሥ ሊነግረው ይችላል።